መርሐባ ያለው ለማን ነበር

በዚያ የብረት በር ፊት የቆምነው አራት ነበርን። አንደኛው ጀማል ነው፤ የመካነ ሰላም ልጅ፣ ረጅም፣ አረንጓዴ ሸሚዙን በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ የቆለፈ። ሁለተኛው ስንታየሁ ነው፤ እሱም የመካነ ሰላም ልጅ፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬቱን አላወልቅም ብሎ ላቡ ከአገጩ የሚንጠባጠብ። ሦስተኛዋ ዘሐራ ናት፤ የወረኢሉ ልጅ፣ የተረፈንን ቆሎ በፌስታል ይዛ። አራተኛው እኔ ነኝ፣ ሙሉቀን። ሾፌራችን ጋሽ ታፈሰ ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈው ተኝተው ነበር፤ አላዩም። አስተባባሪ ሆነው የመጡት መምህር የቀሩትን ተማሪዎች ይዘው ገበያ ገብተው ነበር፤ እሳቸውም አላዩም። ስሞቹን አንድ በአንድ የምጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በከተማችን ይህን ታሪክ «እኔም ነበርኩ» እያለ የሚያወራውን ሰው አንድ አውቶቡስ አይችለውም። አልነበሩም። አራት ነበርን።

ባለፈው ሰሞን መካነ ሰላም ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ድንኳኑ ከመናኸሪያው ጀርባ ተተክሎ ነበር። ማይክራፎኑን የያዘው ስንታየሁ ነው። ስንታየሁ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግ ይመራል። አፉ ይጣፍጣል፣ ይህን አልክድም። ሙሽሮቹ ልብስ ሊቀይሩ ገብተው ሰዉ መሰልቸት ሲጀምር፣ እንደ ልማዱ የጅቡቲውን ጉዞ አመጣው።

«ዘበኛው መጣላችሁ! ጠመንጃውን እንዲህ አድርጎ፣ በአረብኛ፣ ‹ይህ ነገር የማን ነው?› ብሎ አፈጠጠብን። የኛ አስተርጓሚ፣ መድረሳ ያደገው፣ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹መርሐባ!›»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «ሰውዬው ‹ላስርህ ነው› ይለዋል፣ የኛው ‹እንኳን ደህና መጣህ› ይለዋል!» ብሎ ጨመረበት። ከፊቴ ባለው ረድፍ ሐጂ ይመር ተቀምጠው ነበር። ሐጂ ይመር የሰዓዳ አባት ናቸው። ጀማል ሰዓዳን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ የመጨረሻውን ቃል እየጠበቀ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሐጂም እንደ ሰው ሁሉ ሳቁ፤ ዓይናቸውን በፎጣቸው ጫፍ ጠረጉና አጠገባቸው ያለውን ሰው «የቱ ጀማል ነው?» አሉት። «ባለወፍጮው ነዋ፣ ጀማል መርሐባ!» አላቸው። ከዚያ በኋላ አልሳቁም። በሳምንቱ «እሺታችሁን ልትወስዱ ኑ» ተብለው የነበሩት ሽማግሌዎች ሲሄዱ «እስኪ ትንሽ እናስብበት» ተባሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጀማል አጎት ናቸው፤ ሐጂ ይመር ምን እንዳሉ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነግረውኛል። «ጓደኞቹን በአንድ ቃል ያሳሰረ፣ ሲጠየቅ የሚመልሰውን የማያውቅ ሰው፣ ነገ ክፉ ቀን ቢመጣ ልጄን በምን አፉ ይከላከልላታል?»

ቀልድ አልጠላም። እኔ ዝምተኛ ስለሆንኩ ቀልድ የማይገባኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ደሜ ፈላ። አንደኛ፣ ከእኛ ከጓደኞቹ የታሰረ ሰው አልነበረም። ሁለተኛ፣ ጀማል የዘበኛውን ጥያቄ በደንብ ሰምቶታል። ሦስተኛውን ለመናገር ግን ከመነሻው መጀመር አለብኝ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ የተበላሸው ከመካከሉ እየተጀመረ ነው።

ያኔ ደሴ ኮሌጅ ተማሪዎች ነበርን። ዓመተ ምሕረቱን መጥራት አያስፈልግም፤ ባለሁለት ሲም የቻይና ስልክ የገባበት፣ ጀርባው ላይ ባትሪ የሚያበራበት፣ ሲጮህ ግን እስከ ሦስተኛ ጎረቤት የሚሰማበት ዘመን ነው። አንድ ዘፈን በብሉቱዝ ለመላክ ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይተኛል፣ እኛ ዙሪያውን ተቀምጠን እንደ ታማሚ እንጠብቃቸዋለን። አንድ ሰው በመካከል ቢያልፍ «ቆረጥከው!» ተብሎ ይሰደባል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከተከራየነው ክፍል እስከ ፒያሳ በእግር ወርደን፣ መታጠፊያው ላይ ሻይ በፓስቲ እንበላለን፤ ሁለቱም አንድ ላይ የአንድ ስልክ ካርድ ዋጋ እንኳ አይሞሉም ነበር። ዛሬ በዚያው መታጠፊያ ሳልፍ ባለፓስቲዋ የነበረችበት ቦታ የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። ልብሳችን ከሰልባጅ ተራ ነው፤ ጂንሱ ጉልበቱ ላይ የነጣ፣ ሸሚዙ ኮሌታው የሰፋ። ስንታየሁ ግን ከወንድሙ የቆዳ ጃኬት ወርሶ ነበር። የግራ ኪሱ ዚፕ ተበላሽቶ እኔ በሽቦ ጠግኜለታለሁ። ስልኩንም የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ የጀርባ ክዳኑ አልይዝ ስላለ በቀይ ላስቲክ አስሬለታለሁ። ይህን ላስቲክ አስታውሱልኝ። እኔ ትምህርቱን በኋላ አቋርጬ ዛሬ በስልክ ጥገና ነው የምኖረው፤ ሙያውን ያስተማረኝ የለም፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። የፈታሁትን ብሎን ቦታ አልረሳም።

ጅቡቲ እንሄዳለን ሲባል ከመካከላችን ባሕር ያየ አልነበረም። የተማሪዎች ክበብ ነው ያዘጋጀው፤ ለሁላችንም አንድ የጋራ የይለፍ ወረቀት ወጣ፣ እሱንም መምህሩ በካኪ ፖስታ አድርገው ብብታቸው ሥር ያዙት። እኛ ብርድ አገር ያደግን ሰዎች፣ መንገድ ማለት ብርድ ስለሚመስለን፣ ጋቢና ሹራብ ጭነን ሄድን። ባቲን ስናልፍ ሹራብ ወለቀ፣ ሚሌ ስንደርስ ጋቢው መቀመጫ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ የሚወልቅ ነገር አልቀረም። ስንታየሁ ብቻ ጃኬቱን አላወልቅ አለ። «ባሕር ዳር በጃኬት ፎቶ ካልተነሳሁ ምን ሄድኩ ይባላል?» ይላል። በረሃው መካከል ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማው ሲወርድ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ታፈሰ ወገባቸውን ይዘው አዩትና «ይህ ጎማ ጡረታ የወጣ ነው፣ እኔ ነኝ ሥራ ያስገባሁት» አሉ። ጎማ ከሚያልፍ የጭነት መኪና ለምነን ተነሳን። ከተማው ስንገባ ምልክቱ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው፤ ጋሽ ታፈሰ አንዱን አደባባይ እየዞሩ እየዞሩ መውጫው ጠፋቸው። አንድ ዳቦ ሻጭ በየዙሩ ሰላምታ ይሰጠን ጀመር። ያረፍነው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ አያራግብም።

ቋንቋ የሚችል ሲፈለግ ጣት ሁሉ ወደ ጀማል ተቀሰረ። ልጅ ሆኖ መድረሳ ገብቶ ቁርአን ቀርቷል። እሱ ግን «ኧረ እኔ የማውቀው ቂርአት ነው፣ ዓሣ መግዛት አይደለም!» ብሎ ነበር። ማን ሰማው።

ጠዋት አራታችን ከሌሎቹ ተነጥለን ወደ ባሕሩ ስንሄድ ራበን፤ አንድ ዓሣ ቤት በር ላይ ቆምን። ከቤት ያመጣነው ድርቆሽ ስለነበረን፣ ጀማል ለባለቤቱ በመጽሐፍ አረብኛ፣ ሻይ ብቻ ገዝተን የራሳችንን ምግብ እዚያ ብንበላ ይፈቅድልን እንደሆነ ጠየቀው። ባለቤቱ ትልቅ ቦርጭ ያለው፣ ሽርጥ የታጠቀ ሰው ነው፤ እጁን ዘርግቶ «መርሐባ! መርሐባ!» አለ።

ጀማል ዞሮ «እሺ ብሏል፣ ግቡ» አለን።

እኛ ጋ መርሐባ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ታላቅ ሲጠራህ፣ ሲያዝህ፣ ሰው ሲለምንህ የምትመልሰው ቃል ነው፤ እሺ፣ ይሁን፣ ተቀብያለሁ ማለት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ይላል። እኔ እናቴ ውሃ ቅዳ ስትለኝ መርሐባ ብዬ ነው ያደግሁት። መርሐባ ያለ ሰው ቃል ገብቷል፤ ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ የለም። ስለዚህ ገባን፣ ተቀመጥን፣ ዘሐራ ድርቆሹን በሰውዬው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ባለቤቱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየናል። ስንታየሁ አፉን ሞልቶ «ደግ ሕዝብ ነው» አለ። በመጨረሻ ከጓዳ ሳህን የምታጥብ ሴት ወጣች፤ ወሎዬ ናት፣ ንግግሯ ከኩታበር አያልፍም።

«ልጆች፣ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ፈቅዶልን ነው፣ መርሐባ አለን እኮ!» አለቻት ዘሐራ።

ሴትዮዋ በቆመችበት ሳቀች፣ ግድግዳ እስክትደገፍ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ አገር መርሐባ ማለት እንኳን ደህና መጣችሁ ነው። ደንበኛ መስላችሁት ነው! እሺ ማለት እዚያው ወሎ ቀረ!»

ጀማል ፊቱ ደም መሰለ። ለባለቤቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዓሣ አዘዝን፣ ሰውዬውም ሳቀ፣ ድርቆሹንም ቀምሶ አጣጣመው። እንግዲህ በዚህ ጉዞ በ«መርሐባ» የተፈጠረው ስሕተት ይህ ነው፤ ጠዋት፣ ዓሣ ቤት ውስጥ፣ ሁላችንም የሳቅንበት። ስንታየሁ የሚያደርገው ምንድን ነው? የጠዋቱን ስሕተት ነቅሎ ከሰዓት በኋላ ይተክለዋል። ጠዋት ሴትዮዋ አፍ አውጥታ ያስረዳችውን ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቃል አያውቀውም ይለናል። ይህን ሲሰማ የኖረ ሰው አንድ ቀን እንኳ እንዴት አይጠይቅም?

ከዓሣ ቤቱ ወጥተን ባሕሩን አየን። ዘሐራ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፤ ውሃው ሞቃት መሆኑ አናደዳት። «ይሄማ የታጠበበት ነው!» አለች። ስንመለስ በአንድ የታጠረ ግቢ በኩል አለፍን። በብረት በሩ ክፍተት አንድ ትልቅ መርከብ ይታያል። ገና ድንበር ላይ ሳለን መምህሩ በወደብና በወታደር አጠገብ ፎቶ ያነሳ ተማሪ ኮሌጁ እንደሚቀጣው ነግረውናል። ስንታየሁ ደግሞ በኮሌጁ ካፌ በተሰበረ መስታወት ጉዳይ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር፤ አንድ ጥፋት ቢደገም ተባራሪ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከሁላችን በላይ እሱ ያውቃል። ስልኩን አወጣና አነሳ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ «እጄ ተንቀጠቀጠ» ብሎ ደገመ።

በሩ ተከፈተ፣ ዘበኛው ወጣ። አቋቋማችንን እናገራለሁ። ጀማል ከፊት ነው። እኔ በግራው፣ ዘሐራ በቀኙ። ስንታየሁ ዘበኛውን ሲያይ ከጀማል ጀርባ ገባ። ዘበኛው ጣቱን ወደ እኛ ቀስሮ ስልኩ የማን እንደሆነ በአረብኛ ጠየቀ፤ ቃሉ ባይገባን እንኳ ጣቱ ይገባል። ያኔ ስንታየሁ ስልኩን ከኋላ በጀማል መዳፍ ውስጥ ሲያስገባ አየሁ። ቀዩን ላስቲክ አየሁ። ሰማሁትም።

«ጀሜ፣ በናትህ፣ የኔ ነው በልልኝ። እኔ አልቆልኛል። በናትህ፣ በልልኝ።»

ጀማል አንገቱን አላዞረም። ዓይኑ ዘበኛው ላይ ነው። መዳፉን ጨበጠና «መርሐባ» አለ።

ይህ ነው። ሦስተኛው ይህ ነው። መርሐባ ያለው ለዘበኛው አይደለም፤ ለስንታየሁ ነው። እሺ፣ ተቀብያለሁ አለው፤ በኛ አገር ቃል፣ ለኛ አገር ሰው። ከዚያ እጁን ወደ ፊት አመጣና ስልኩን ለዘበኛው አሳየ። ዘበኛው የሰማው ሰላምታ ነው፤ የተፌዘበት መሰለው፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ክንዱን ይዞ አስገባው። እኛን በእጁ «ሂዱ» አለን። ጀማል በተገለበጠ የዓሣ ሳጥን ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ መምህሩ የጋራውን ወረቀት ይዘው መጥተው እስኪለምኑለት ድረስ ተቀመጠ። በአጥሩ ክፍተት እናየው ነበር። አረንጓዴው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ጠቆረ። ቁልፉን ግን አልፈታም።

ሲለቁት ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መምህሩ ሦስታችን ፊት «ስልኩ የማን ነው?» አሉ። ዘሐራ አፏን ከፈተች። ጀማል አያትና ቀድሟት «የኔ ነው፣ መምህር» አለ። መምህሩ ፊታቸውን ሲያዞሩ ስልኩን ለስንታየሁ መለሰለት። «አብሽር» አለው፤ «ላስቲኩ አልተበጠሰም።»

መቼም ሰው ነው፣ ስንታየሁ በረሃው ውስጥ ዝም ብሎ ነበር። ሚሌ ስንደርስ «መርሐባ አለው እኮ!» ብሎ ጀመረ። ባቲ ላይ አውቶቡሱ ሁሉ ይስቅ ነበር። ጀማልም አብሮ ሳቀ፤ ደክሞት ነበር፣ ሳቅም ይመቻል። ደሴ ስንገባ ጀማል መርሐባ ተብሎ ነበር። ኮሌጁ ለአንድ ዓመት አገደው። ስንታየሁ በዓመቱ ተመረቀ፤ ለምረቃው ያንኑ ጃኬት ለብሶ ነበር፣ በሽቦ የጠገንኩት ዚፕ በፎቶው ላይ ይታያል። ጀማል ዓመቱን ሳይጠብቅ አረብ አገር ሄደ። እዚያ ያየውን እሱ ይናገር፣ የኔ አይደለም። ያጠራቀመውን ይዞ መጥቶ ወፍጮ ተከለ፤ ዛሬ ያ ሰፈር ሁሉ የሚያስፈጨው እሱ ጋ ነው። ሸምግሎ እንዳይናገር ወጣት፣ ወጣት ነኝ እንዳይል ጠጉሩ የሸበተ፤ ወይም ዱቄት ይሆናል።

ከሠርጉ በኋላ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር በር ላይ ወጥተን ተነጋገርን።

«እናገራለሁ» አልኩት።

«ተወው፣ ሙሌ።»

«ያኔ ተወው አልከኝ፣ ተውኩት። ያኔ የተነካው ስምህ ነበር። አሁን ቤትህ ነው።»

ወደ ሞተሩ ዞሮ አየ። ሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄት አለ።

«ሰዓዳ ምን አለች?» አልኩት።

«ስልክ ደውላ ሳቀች። ከዚያ ‹እውነት ነው?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ምን ልበላት? የዚያን ጊዜ የለመነኝን ሰው ዛሬ ላጋልጠው? እሺ ብዬዋለሁ እኮ።»

የተናደድኩት በዚህ ነው። አንዱ እሺ ያለበትን እስከ ዛሬ ይጠብቃል፤ ሌላው በዚያው እሺታ ላይ ሠርግ ያስቃል። እኔ ግን ለማንም እሺ አላልኩም። ማንም አልለመነኝም። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሄዱት ከመጪው ጁምዓ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ በቦታው የነበራችሁ ሰዎች የጎደለውን ሙሉ፤ ያልነበራችሁ ግን እባካችሁ አትጨምሩ። ጋሽ ታፈሰ፣ ጡረታ ወጥተው ቤት መሆንዎን ሰምቻለሁ፤ ስንመለስ ጀማልን ውሃ ያጠጡት እርስዎ ነዎት፣ በመንገድ እሱ ምን እንዳለዎት ይንገሩን። ዘሐራ፣ ኩታበር ሆነሽ ይህን ካነበብሽ፣ አንቺ በቀኙ ነበርሽ፤ ከኋላ የመጣውን ድምፅ ከኔ ይልቅ ለአንቺ ጆሮ ይቀርብ ነበር። ቃል የዘለልኩ እንደሆነ አርሚኝ። የሸሚዙን ቀለምም ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ስንታየሁ፣ አንተም ጨምር። ከሁላችንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። ማይክራፎን አያስፈልግህም። ሐጂ ይመር ቤት ብቻህን ሂድና ያንኑ ታሪክ እንደ ልማድህ አሳምረህ ንገራቸው፤ ከመርሐባ በፊት የነበረችውን ያንተን ዓረፍተ ነገር ብቻ መልሰህ አስገባበት። ሂድ ስልህ እለምንሃለሁ ማለቴ ነው። መልሱ አንድ ቃል ነው። የኛ አገር ሰው ነህ፣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ።